ቀብድ ከመከፈሉ በፊት፤ የቃሊቲ ማስታወሻ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሰው በታክሲና በአውቶቡስ ወደ አቃቂ፣ ወደ ጌላን፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮየ ፈጬ ይበተናል። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ከፋብሪካዎቹ አጥር ጀርባ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተደርድረው ይታያሉ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት ታናሽ እህቴን ላግዝ ነው። ነርስ ናት፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ትፈልጋለች። ክፍሎቹን እሷ ታያለች፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ወረቀቱን እከተላለሁ፦ ካርታው ከማን ወደ ማን፣ በየትኛው ቢሮ፣ በማን ፊርማ እንደሚያልፍ።

ጌላን

ደላላው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አሳየን። ንጹሕ ነው፤ ውኃው ይመጣል፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ሻጩ ሸበቶ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የካርታውን ፎቶ ኮፒ አወጡልን፦ ስማቸው፣ ፎቶአቸው፣ ወረዳው፣ የብሎኩና የቤቱ ቁጥር፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ከታች ክብ ማኅተም። እህቴ ፊቷ በራ።

ደላላው ጊዜ አልሰጠንም። «እህቴ፣ ዛሬ ቀብድ ካልጣልሽ ነገ አታገኚውም። ሌላ ገዢ እየደወለ ነው።»

ቀብድ በሕጋችን ዋዛ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ ዕጥፉን ይመልሳል። ደላሎች ለገዢ የሚነግሩት የኋለኛውን ነው። ሻጩን «ጋሼ፣ ነገ ክፍለ ከተማ አብረውን ይምጡና ማህደሩ ይታይልን፤ ቀብዱ ከዚያ በኋላ ይሁን» አልኳቸው። ቅር ሳይላቸው እሺ አሉ።

ማታ፣ በስልክ

ለንደን ያለችው የአክስታችን ልጅ ደወለች። እሷ ቤት ስትገዛ ከሻጩ ጋር ተያይታ አታውቅም። የራሷ የሕግ ባለሙያ ነበራት፤ በ1862 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የመሬት መዝገብ የባለቤቱን ስምና የቤቱን ዕዳ የመረመረው፣ ከሻጩ ጠበቃ ጋር የተጻጻፈው፣ የባንኩን ብድር ተቀብሎ ያስተላለፈው እሱ ነው። «እናንተ ጋ ይህን ሁሉ ማን ነው የሚሠራው?» አለችኝ። መልሱን ለራሴ በደብተሬ ጻፍኩት፦ እኛ ጋ ሥራው በደላላ፣ በክፍለ ከተማ፣ በባንክ፣ በጠበቃና በውልና ማስረጃ መካከል ተከፋፍሏል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚከታተለው ሰው ገዢው ራሱ ነው።

ክፍለ ከተማ

የይዞታ ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ ወረፋው ረጅም ነው። ሰው ሁሉ የፕላስቲክ ፋይል ታቅፏል። ተራችን ሲደርስ ባለሙያዋ ማህደሩን አስመጣች፤ ካርታውን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች፤ ስሙም ስፋቱም ልክ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና ቆመች። የፍርድ ቤት እግድ። ቤቱ የውርስ ክርክር አለበት፤ ክርክሩ እስኪቋጭ ስም አይዛወርም።

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ደብዳቤውን ደግመው አነበቡት። «የወንድሜ ልጆች ናቸው። በሽማግሌ ያለቀ መስሎኝ ነበር» አሉ። አላታለሉንም፤ ያዘነው ፊታቸው ይናገራል። ይሁንና ቀብዱ ተከፍሎ ቢሆን የእህቴ የስንት ዓመት ቁጠባ የሌላ ቤተሰብ ክርክር ውስጥ ይገባ ነበር። በፎቶ ኮፒው ላይ የእግዱ ምልክት አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። እግድ የሚቀመጠው ማህደር ውስጥ ነው።

ባንክ ቤት

ከዚያ የብድር ባለሙያ ፊት ተቀመጥን። የጠየቀንን በተርታ መዝግቤዋለሁ፦ ዋናው ካርታ፣ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማረጋገጫ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የደመወዝ ደብዳቤ፣ የባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴ። ከዚያ የባንኩ መሐንዲስ ሄዶ ቤቱን ይገምታል፤ ብድሩ የሚሰላው ከግምቱ ላይ ነው። ግምቱ ከገበያው ዋጋ ካነሰ ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ ይሞላል።

ገንዘቡም እንደልብ አይገኝም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ሲወስን፣ ረጅም ዘመን የሚፈጀው የቤት ብድር ይበልጥ ጠበበ። ገደቡ በኋላ ከፍ ቢልም ወረፋው አልጠፋም። የተገኘም እንደሆነ ሸክሙን ማወቅ ይገባል፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ተበዳሪው ካልከፈለ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ባንኩ ውስጥ ያየሁት ጥንቃቄ ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ወረቀት ሳይሟላ አንድ ብር አያወጣም። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመ ሰው ግን ካፌ ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀብድ ይጥላል። ባንኩ ከእኛ የሚለየው ማህደሩን አስቀድሞ በማየቱ ነው፤ ሳሩን ብቻ ሳይሆን ገደሉንም ያያል።

ጠበቃዋ

ቃሊቲ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ያላትን ጠበቃ አማከርን። ስለ «መንደር ውል» ስጠይቃት ወዲያው አንቀጽ 1723ን ጠቀሰች፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። የሰበር ሰሚው ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና የወሰነውም በዚሁ መነሻ ነው። ሁለት ምስክርና የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ሰው ልብ ውስጥ ቤት ቢሠራም፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሊፈርስ ይችላል።

ስለ ውክልናም አስጠነቀቀችን። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። አንዳንዱ ይህን ለማለፍ ዋጋውን ከፍሎ፣ ከባለ ዕጣው ውክልና ተቀብሎ ይገባል። ውክልና ግን ሰጪው ሲሞት ይቀራል፤ ሰጪውም በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር የሚሟገተው ስሙ በሌለበት ካርታ ነው።

ውልና ማስረጃ

የጌላኑን ትተን ያገኘነው ሁለተኛ ቤት የባልና ሚስት ነው፤ አምስት ዓመቱ አልፏል፤ ካርታው በእጃቸው ነው። ችግሩ አንድ ነው፦ የ20/80 ቤት ስለሆነ የባንክ ዕዳው ገና አላለቀም። ጠበቃዋ ቅደም ተከተሉን አስቀመጠችልን። ባንኩ ቀሪውን ዕዳ በጽሑፍ ያሳውቃል። ከዋጋው ላይ ያ መጠን በሲፒኦ በቀጥታ ለባንኩ ይገባል እንጂ በሻጩ እጅ አያልፍም። ባንኩ የመያዣውን እገዳ የሚያነሳ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው ይጽፋል። የቀረው ገንዘብ ለሻጮቹ የሚከፈለው ውሉ ሲፈረም ነው። ሻጮቹ ዕዳውን ከፍለንላቸው ቢያፈገፍጉ ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ በተፈረመ ስምምነት ላይ በግልጽ ተጽፏል።

በፊርማው ቀን አዋዋዩ የሁሉንም መታወቂያ አየ፤ ሚስትየዋንም ለብቻዋ ጠየቃት፦ «እርስዎስ በሽያጩ ተስማምተዋል?» «አዎ፣ ተስማምቻለሁ።» ይህ ጥያቄ የወግ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም፤ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

ወረፋ ላይ አንድ ሰው ጎረቤቱን «ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ፤ ቀረጡ ይቀንስልሃል» ሲለው ሰማሁ። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። ጠበቃዋ ለእህቴ የነገረቻት ለዚያም ሰው ይሆናል፦ ውሉ ነገ ቢፈርስ ገዢው አስመልሳለሁ ብሎ የሚያሳየው ማስረጃ እዚያ የተጻፈው ዋጋ ነው። ከዚህም በላይ አሳንሶ መጻፍ ሕግ መጣስ ነው። እህቴ የከፈለችውን ልክ አስጻፈች።

የምለው

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ተፈቅዷል። ቤት ገዢን ከማህደር ምርመራ እስከ ስም ዝውውር በአንድ ተመጣጣኝ ክፍያ የሚያገለግል ድርጅት በየክፍለ ከተማው ቢኖር ስንት ቤተሰብ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ይድን ነበር! የይዞታ ቢሮዎችም ከሻጩ ጋር ለቀረበ ገዢ የዕዳና እገዳ መረጃን በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቀን ቢሰጡ የደላላው ጥድፊያ ጉልበት ያጣል።

እስከዚያው ግን ለምትገዙ ሁሉ አደራ የምለው ይህን ነው። ካርታውን ዋናውን እዩ። ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማ ሂዱ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱንም ፊርማ ጠይቁ። የባንክ ዕዳ ካለ ለባንኩ ራሱ ክፈሉ። ውሉን በውልና ማስረጃ ፈርሙ። ለጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ ለቤቱ ከምትከፍሉት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አትሳሱበት። ማህደሩ ሳይከፈት ደግሞ ቀብድ አትክፈሉ።