የማን ልጅ ነህ?

አብዛኞቻችን ኢትዮጵያውያን ፈረንጆች እንደሚያውቁት ያለ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራሳችን ስም፣ የአባታችን ስም፣ ጉዳዩ ጠበቅ ሲል ደግሞ የአያታችን ስም ነው። አንድ ትውልድ ከፊት በተጨመረ ቁጥር ከኋላ አንድ ስም ይወርዳል። ሴት ልጅ ብታገባም የባሏን ስም አትወስድም፤ የአባቷን እንደያዘች ትኖራለች። «አቶ» እና «ወይዘሮ» የሚቀደሙትም ለባለቤቱ ስም ነው። ሰውየው ከፊት ይቆማል፤ አባቱ ከኋላው ሆነው ይመሰክሩለታል።

ይህን ልማድ ሕግ እንኳ አልለወጠውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ አባቶቹ መጠራቱን ቀጠለ፤ የቤተ ዘመድ ስምም ከወረቀት አልወረደም።

በዚያው ዓመት በመጨረሻው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የሮምን ማራቶን አሸነፈ። ብዙ የውጭ ጋዜጦችና መጻሕፍት እስካሁን «ቢቂላ» ነው የሚሉት። ላቡን ያንጠፈጠፈው ልጅ፣ ስሙ የሚነሣው አባት! ደራርቱም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስትነግሥ «ቱሉ» ተባለች። አፄ ኃይለ ሥላሴንም ስማቸውን ከሁለት ቆርጠው «ሥላሴ» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ትርጉሙን ቢያውቁ ኖሮ ብዕራቸው በተንቀጠቀጠ። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት ልዩ ልዩ «የመጨረሻ ስም» ይዘው፣ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሲያስረዱ ይውላሉ።

በዚህ ሁሉ ስቀን ማለፍ እንችላለን። ባዕድ ነው፤ ልማዳችንን አያውቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ልማዱን የምናውቀው እኛ፣ ከሰውየው ስም አልፈን የአባቱን ስም ብቻ ማንበብ መጀመራችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ስለ አሮጌ ሠፈሮች መፍረስ በተደረገ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ ወጣት እጁን አወጣ። የመድረኩ መሪ ስሙን ከነአባቱ ሲጠራ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተያዩና አንደኛው «አሃ!» አለ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወጣቱ የተናገረው ቁም ነገር ነበር። ከሠፈሩ የተነሣ ተከራይ ቤት ብቻ ሳይሆን ዕድሩን፣ ማኅበሩንና የቡና ጎረቤቱን አብሮ እንደሚያጣ፣ ይህንንም የሚቆጥርለት እንደሌለ አስረዳ። መልስ ሊሰጡ የተነሡት ሰው ግን ስለ ተከራይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «እናንተማ ሁልጊዜ…» ብለው ጀመሩ። ወጣቱ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ተመለከተ። ብቻውን ነበር።

«እናንተ» የምትለዋን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ በጥሞና እሰማታለሁ። አማርኛ አንድን ሰው ሲያከብር ያበዛዋል፤ «መጣ» የሚለውን «መጡ»፣ «ተናገረ» የሚለውን «ተናገሩ» ይላል። አያቶቻችን ለአንድ ሽማግሌ «አንቱ» ሲሉ አንዱን እንደ ብዙ ቆጥረው ክብር ይጨምሩለታል። ለአንድ ተከራካሪ «እናንተ» ስንል ግን በተቃራኒው ነው። ሰውየው በማያውቀው ሕዝብ መሐል ገብቶ ይጠፋል፤ ያላለው በስሙ ይጻፍበታል፤ ያላደረገው ይጠየቅበታል። ስድብ ላይሆን ይችላል፤ ከስድብ ግን የሚሻል አይመስለኝም። የተሰደበ ሰው ቢያንስ ስድቡ ለራሱ መሆኑን ያውቃል።

ለመሆኑ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ምን ነበር? መንገድ ላይ ያገኘን ሽማግሌ የሚጠይቀን ነበር። መልሱን ሲሰሙ «አባትህን አውቃቸዋለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ወይ ይመርቁናል፣ ወይ ይልኩናል፣ ጥፋት ላይ ካገኙንም እንደ አባት ይቆጡናል። ጥያቄው ዝምድና መፈለጊያ ነበር። ዛሬ በብዙ ጉባኤ ላይ መለያያ ሆኗል። መልሱ ከተገኘ በኋላ ንግግሩን የሚሰማ የለም፤ አባቱ ታውቀዋልና።

ያውም ስም እንደምናስበው ታማኝ ነጋሪ አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሲጠመቁ የክርስትና አባት የሆኗቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። እንግዲህ የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ስም እስከ አያት ብንጽፈው «ኢያሱ ሚካኤል አሊ» ይሆናል። ከሦስቱ ስሞች አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ቤተሰቡ ምን አውቋል ይባላል?

የነገሥታቱን ተዉትና በእኔም ቤት ያው ነው። በአባቴ ወገን ሰባት ቤት ስቆጥር አራተኛው ላይ ሃይማኖቱ ይለወጣል፤ በእናቴ ወገን ስቆጥር ደግሞ ቋንቋው ይለወጣል። የእናቴ ስም፣ የእናቴ አባት ስም፣ ያሳደገችኝ የአያቴ ስም በየትኛውም ወረቀቴ ላይ የለም። ስሜን አንብቦ ማንነቴን ደረስኩበት የሚል ሰው ግማሹን ገጽ ሳይገልጥ መጽሐፉን ጨረስኩ እንደሚል አንባቢ ነው።

አባቶቻችን መከራከር የማያውቁ ጨዋዎች ነበሩ ማለቴ እንዳይመስልብኝ። ኧረ እንዴት አድርገው! በ«በላ ልበልሃ» ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። እየተወራረዱ፣ እየፎከሩ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዙ ይሟገታሉ። ሙግቱ የጦፈ ነበር፤ የሚጠየቀው ግን ነገሩ ነው። «ተጠየቅ» ሲባል መልስ መስጠት ግድ ይላል። ዛሬ ከአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን የምንከራከረው ሰዎችም በማይታይ ነጠላ የተቋጠርን ነን፤ ከውይይቱ በኋላ የምንሄደው ወደ አንድ ከተማ ነውና።

የምመኘው ታላቅ ነገር አይደለም። ሰውን በራሱ ስም እንጥራው፤ ዕድሜው ከገፋ «እርስዎ» እንበለው። የተናገረውን መልሰን «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ከዚያ ካልተስማማን ነገሩን እንርታው። «እናንተ» የሚለው ቃል ከአፋችን ሊወጣ ሲል ደግሞ ፊት ለፊታችን የቆሙት ስንት ሰዎች እንደሆኑ እንቁጠር።

ይህን የምለው ለጨዋነት ጌጥ ብዬ ብቻ አይደለም። በቅርቡ በአንድ የንባብ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተናጋሪዎችን ስም ስመዘግብ አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ «የአባቴ ስም ባይጻፍስ?» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ገብቶኛል። የራሷን ስም ብቻ ጻፍኩላት። ስትናገር ሁሉም አዳመጣት፤ ጥያቄም ጠየቋት፤ ተከራከሯትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ የማስበው ስለ አባቷ ነበር። ልጃቸው በሰው ፊት ቆማ እንዲህ ስትናገር ስማቸው ከአጠገቧ ቢኖር ምንኛ በኮሩ!