ከገበታ አታስነሱት

ይድረስ ሐርጌሳ፣ ዳሚ ለምትኖሩ እህቴና ወንድሜ፤

በመንገደኛ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ከውስጡ የወጣውን ጥቁር ማተብ መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ልጃችሁ በመቀስ ነው የቆረጠው። “ከትራሱ ሥር አገኘሁት፤ ክርስትና ሲነሳ ያሰርንለት ነው” ብለሻል። ብትጠይቂው “ከእንግዲህ የለሁበትም” አለሽ። አባቱም ከዚያ ቀን ወዲህ አብሮት እንጀራ አልቆረሰም።

“አይዟችሁ፣ ነገ ይመለሳል” ብዬ ልጽፍ አስቤ ተውኩት። ነገን የሚያውቅ አንድዬ ነው። አልቅሱ፤ የወለደ ያለቅሳል። ራሳችሁን መክሰሱን ግን ተዉት። “የወጃሌን ድንበር ባናሻግረው ኖሮ” ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ያላችሁበት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሰማበትም። በ2001 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት ከእስልምና ሌላ ሃይማኖት እንዳይሰበክ ይከለክላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ዳግም የተከፈተው የከተማው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ብዙ ሳይቆይ ተዘግቷል። ነገር ግን እዚህ አዲስ አበባ፣ ከደብር አጥር ሥር አድገው የራቁ ልጆች ስንት አሉ!

ለእናንተ ልጅ ግን አንድ ነገር ይለያል። ጸሎት የሰማው ከእናቱ አፍ ነው፤ ጾም ሲፈታ ያየው በእናንተ መሶብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያቺው ቤታችሁ ናት። ከገበታ ካስነሳችሁት ከሁለቱም አስወጣችሁት ማለት ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ያደረግኸውን ከአንተ በፊት ያደረገች እናት ነበረች። የሰሜን አፍሪካዋ ሞኒካ፣ ልጇ አውግስጢኖስ በ19 ዓመቱ ገደማ ማኒ የሚባል ሰው የመሠረተውን ሌላ ሃይማኖት ሲከተል፣ አብሬው ማዕድ አልቀርብም ብላ ነበር። ኋላ በሕልሟ እሷ በቆመችበት ቦታ እሱም ቆሞ አየችና መልሳ ከገበታዋ አቀረበችው። አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጄን ተከራከርልኝ ብትለው፣ ተይው፣ አንቺ ጸልዪለት አላት። ልጁ ግን አታልሏት በሌሊት ወደ ሮም ተሳፈረ። የተጠመቀው በ387 እ.ኤ.አ. በፋሲካ፣ ሚላን ውስጥ ነው፤ እሷም በዚያው ዓመት ዐረፈች። ይህን የጻፍኩት የእናንተም እንዲሁ ይሆናል ለማለት አይደለም። ገበታው ከጥምቀቱ ብዙ ዓመት እንደቀደመ እንድታዩልኝ ነው።

መገለልን ደግሞ ዳሚ ያውቀዋል። ጎረቤቶቻችሁ ጋቦዬዎች፣ ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ፋቂ እየተባሉ፣ ከሌላው ጎሳ መጋባት ተነፍጓቸው ኖረዋል። በዚያ ሰፈር እየኖራችሁ በገዛ ቤታችሁ ሌላ የተገለለ አትጨምሩ። በሉቃስ 15 ያለው አባትም ልጁን ከሩቅ አይቶ ሮጦ አቀፈው እንጂ በር ላይ ሒሳብ አልተሳሰበውም።

ማተቡን በዚሁ መንገደኛ መልሼ ልኬዋለሁ። እህቴ፣ ከዳዊትሽ ውስጥ አኑሪው፤ እሰር ብለሽ አታስጨንቂው። ስሙን ግን ከጸሎትሽ አትለዪ። ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ዛሬ ማታ እንጀራው ሲቀርብ በስሙ ጥራው፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ አንተው አጉርሰው።