ነጠላ ሲያረጅ

ዛሬ ላሊበላ ገበያ ወጥቼ አንድ ጥቅል ሶፍት ገዝቼ ገባሁ። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ይኼ አንዴ ተጠርጎበት ሊጣል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እሷ ቤት ጨርቅ ቶሎ አይጣልም። ለገና፣ ቤዛ ኩሉ ሲባል ቤተ ማርያም የተለበሰ ነጠላ ሲያረጅ የአዘቦት ይሆናል፤ ሲሳሳ ይቀደድና ግማሹ ሰሃን ማድረቂያ፣ ግማሹ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ማሰሻዋ ጭብጥ የምታህል ናት፤ ከጎመን ዘር ቅባት ጠቁራ ታብለጨልጫለች። ምጣዱ ሲግል እናቴ የተፈጨውን ጎመን ዘር በተን አድርጋ ዙሪያውን ታሸዋለች፤ እንጀራው ሳይዝ ይነሣል። ይህን ወረቀት አይሠራውም።

ድስት በአመድ፣ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል፣ ነጭ ልብስ በእንዶድ ይታጠባል። እንዶድ ሁሌ ይደንቀኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በእንዶድ ላይ ምርምራቸውን የጀመሩት። እባካችሁ፣ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉት፤ ዓሣም ይገድላል።

ሶፍቱን ለእንግዳ አስቀምጫለሁ። ነገ ሌላ አሮጌ ነጠላ እንቀድዳለን። ጥለቱን እናቴ ከወዲሁ ፈትታ አንሥታዋለች፤ ጠርዙን የምሰፋው እኔ ነኝ።