ፀጉርም ዕድሜ አለው

ምስጋና ሁሉ ሰውን በመልካም ቅርጽ ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይውረድ።

ስለ ፀጉር ለመጻፍ ብዕር ስናነሳ «ከዚህ የሚበልጥ ስንት ጉዳይ እያለ!» የሚሉን አንባብያን እንደሚኖሩ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሴትን በገዛ ቤቷ የሚያሳፍር፣ ሶላትን የሚያዘገይ፣ አንዳንዴም ባልና ሚስትን በዝምታ የሚያራርቅ ነገር እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባውም። ጉዳዩም ይህ ነው፤ አብሮን ያደገ ፀጉር በዕድሜ መካከል ጠባዩን ይለውጣል። ጥቅልሉ ይላላል፣ ለስላሳው ይከረደዳል፣ ብዙው ይሳሳል። ባለቤቲቱም መስተዋት ፊት ቆማ «ይህ የማን ፀጉር ነው?» ትላለች።

እኛ አዳማ ውስጥ ባንድ መድረሳ የቀራን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ባንድ ወንበር የተቀመጥን፣ ዛሬ በመምህርነት የምንተዳደር ጓደኛሞች ነን። በልጅነታችን ሐሙስ ከቀትር በኋላ እናቶቻችን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ሹሩባ ሲሠሩን፣ የሁላችንም ፀጉር ሚዶ የሚፈትን ጥቅልል ነበር። ሠላሳውን ዓመት ካለፍንና ከወለድን ወዲህ ግን ሴቶች ብቻ ሆነን ሻርፓችንን ስናወልቅ ሌላ ነገር እናያለን። የአንዳችን ከፊት ላልቶ ከኋላ እንደ ጥንቱ ቀርቷል፤ የሌላችን ከቀድሞው ይበልጥ ጠብቋል፤ የሦስተኛዋ ደግሞ ከጆሮዋ በላይ የበቀለው ሽበት እንደ ሽቦ ቆሟል።

ከመካከላችን አንዷ ሁለተኛ ልጇን በወለደች በአራተኛው ወር ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር በጭብጥ በጭብጥ ይወጣ ጀመር። ሒጃብ የሚለበሰው ከባዕድ ወንድ ፊት ነው፤ እርሷ ግን በቤት ውስጥም፣ በመኝታዋም ሻርፗን ማውለቅ ተወች። ባለቤቷ የተቀየመችው መሰለው፤ እርሱም ሳይጠይቅ፣ እርሷም ሳትናገር ወራት አለፉ። አንዳቸው በሌላቸው ላይ ያጠፉት ነገር አልነበረም። በመካከላቸው የገባው አለማወቅ ነበር።

ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ፀጉር የሚጠቀለለው ከቆዳ በታች ባለው የሥሩ ከረጢት ቅርጽ የተነሳ ነው። ከረጢቱ ቀጥ ያለ እንደሆነ ፀጉሩ ሉጫ ሆኖ ይወጣል፤ የታጠፈ እንደሆነ እየተጠቀለለ ይወጣል። የፀጉር ሥር ደግሞ በደም ውስጥ ለሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ይታዘዛል። በመሆኑም በጉርምስና፣ በእርግዝና፣ ከወሊድ በኋላ፣ የወር አበባ በሚቋረጥበትም ዕድሜ የፀጉር ጠባይ ሊለወጥ ይችላል። በአንድ ሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር ይገኛል፤ ከዚህም ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 መርገፉ የተለመደ ነው። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ሳይረግፍ ስለሚቆይ እናቲቱ «ፀጉሬ በዛ» ትላለች። ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ወር ገደማ ያ የቆየው ሁሉ ባንድነት ይለቃል። ይህ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይተካል። አዲሱ ግን የቀድሞው መልክ ላይኖረው ይችላል። ጓደኛችን ይህን ከጤና ባለሙያ ሰምታ ለባለቤቷ ስትነግረው የመለሰላት «እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» ብሎ ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ ከፈጣሪ ሥርዓት የመጣ ነው። ሰው ከድካም ወደ ብርታት፣ ከብርታትም ወደ ድካምና ወደ ሽበት እንደሚሸጋገር የሱረቱ ሩም 54ኛው አንቀጽ ያስተምረናል። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ፀጉሩን ላጭተን በክብደቱ ልክ ብር ስንመጸውት፣ ሰው ይዞት የመጣው ፀጉር እስከ መጨረሻው አብሮት የሚኖር አለመሆኑን ከመጀመሪያው ሳምንት እንማራለን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፀጉር እጅግ የተከረደደም፣ ፍጹም ሉጫም እንዳልነበረ፣ ሲሞቱም በራሳቸውና በጢማቸው የነበረው ሽበት ሃያ እንደማይሞላ አነስ (ረ.ዐ.) መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ሁለተኛው ለውጥ ከገዛ እጃችን የሚመጣው ነው። ከተማሪዎቻችን አንዲት ልጅ እናቷ «ስትወለጂ እኮ ሉጫ ነበርሽ» እያለች ስታዝን ሰምታ፣ ከጎረቤት ያገኘችውን ማለስለሻ ተቀብታ የራስ ቆዳዋ ቆስሎ ትምህርት ቤት መጥታለች። በፀጉር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሰሪያዎች አሉ። አንዱ ደካማ ነው፤ በሙቀት ይፈታል፣ ውኃ ሲነካው ወደ ነበረበት ይመለሳል። በፒያስትራ የተተኮሰ ፀጉር በውኃ የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ የማለስለሻው ኬሚካል የሚሰብረው እርሱን ነው። የተሰበረው ወደ ጥንቱ አይመለስም፤ አዲሱ ከሥር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እያደገ እስኪተካው መጠበቅ የግድ ነው። ጉዳቱም በፀጉር ላይ ብቻ ላይቀር ይችላል። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙት ሴቶች በማሕፀን ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለስለሻው ብቻውን በሽታውን ማምጣቱን አያረጋግጥም፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ከበቂ በላይ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ፈተና አለ። ለሠርግ ወይም ለዒድ የተተኮሰው ፀጉር እንዳይበላሽ ውዱእን የምታዘገይ፣ ሶላትም የሚያልፋት እህት አለች። በውዱእ ራስን ማበስ የሚፈጸመው በርጥብ እጅ ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ከራስ ጥቂቱን ማበስ ይበቃል፣ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ የሚሰፋውን ይላሉ። የእምነታችን እናት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ፀጉራቸውን አጥብቀው ይጎነጉኑ ነበርና ለጀናባ ትጥበት ይፈቱት እንደሆነ ጠይቀው፣ ሦስት ጊዜ በራሳቸው ላይ ውኃ ማፍሰስ እንደሚበቃቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደነገሯቸው ሙስሊም ዘግበዋል። ልጇ ታማ ፀጉሯ የረገፈባት እናት ሌላ ፀጉር ልትቀጥልላት ስትጠይቅ ግን ተከልክላለች፤ ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሽበትን በሂና መቀባት የተፈቀደ ነው። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የአቡበክር (ረ.ዐ.) አባት አቡ ቁሓፋ ራሳቸው እንደ አበባ ነጥቶ በመጡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለሙ እንዲለወጥ፣ ከጥቁር ግን እንዲርቁ አዘዋል።

ሦስተኛው ለውጥ ከሕመም የሚመጣው ነው፤ ይህን መታገሥ ሳይሆን መታከም ይገባል። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዳከም ፀጉር ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ይሳሳል፤ ድካምና ብርድ ብርድ ማለትም አብረው ይመጣሉ። የደም ማነስም ፀጉርን ያረግፋል። በክብ በክብ የሚመለጥ ቦታም ለሐኪም መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ እናቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው የሕፃናትን ነገር ነው። ጥቅልል የነበረ የልጅ ፀጉር ሳስቶ፣ ቀልቶና ሉጫ ሆኖ ቢታይ «ፀጉሩ አማረ» አይባልም። እግሩ ወይም ፊቱ አብሮ ካበጠ የፕሮቲን እጥረት ያለበት የከባድ የምግብ ጉድለት ምልክት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ጤነኛ ሆኖ የተለወጠውን ፀጉር ግን በአዲስ ጠባዩ መያዝ እንጂ የድሮውን መከተል አድካሚ ነው። የአዳማ ነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነፋስ ነው፤ አቧራውና ሙቀቱም ይታወቃል። እኛ የተስማማንባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። እርጥብ ፀጉር ላይ ሻርፕ አንጠመጥምም። ለሙቀት ቀን ጥጥ የሆነውን እንመርጣለን። ግንባርን የሚስብ ሹሩባ ሥሩን ስለሚጎዳ ላላ አድርገን እንሠራዋለን። ስናበጥርም ቅባት ነክተን፣ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረን ወደ ሥር እንወጣለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፀጉር ያለው ሰው እንዲያከብረው አዘው፣ ማበጠሩ ደግሞ በየቀኑ እንዳይሆን መክረዋል፤ ሁለቱንም አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ለጥቅልል ፀጉር ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘንም።

ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ በመተሐራ አካባቢ የሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞ ወጣቶች «ጉንፉራ» የሚሉትን ጎፈሬያቸውን በቅቤ አሳምረው፣ ኮርተውበት ይዘውት ይታያሉ። በዚህች በስምጥ ሸለቆ ምድር ጥቅልል ፀጉር ክብር እንጂ እንከን ሆኖ አያውቅም። «መጥፎ ፀጉር» የሚለው ቃል ወደየቤታችን የገባው በኋላ ነው፤ የሚወጣውም ከእኛ አፍ ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ በልጆቻችሁ ፊት ስለ ፀጉራቸው የምትናገሩትን መዝኑ። ባሎች ሆይ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ራሳቸውን ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ክፍል ያስጠጉ እንደነበር፣ እርሳቸውም ያበጥሩላቸው እንደነበር አስታውሱ። ፀጉር በባልና ሚስት መካከል እንዲህ ያለ የፍቅር አገልግሎት መሆን ይችላል። ሚስታችሁ በቤቷ ሻርፗን ካላወለቀች በልባችሁ ከመፍረድ በፊት በቀስታ ጠይቋት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠን የምናመሰግን፣ በለወጠውም የምንታገሥ ያድርገን። አሚን።