ያላነበቡትን ስለ መጥቀስ

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሰው በጽሑፍ ላይ ስሙን ካኖረ በኋላ ለቃሉ ሁሉ ተጠያቂ ነው። ይህን የማነሣው፣ በአሜሪካ ያሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች በቅርብ ዓመታት የሰጡት ፍርድ ለተማሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በዚያ አገር ዳኛ ሲፈርድ የሕጉን አንቀጽ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የተፈረደውንም ይመለከታል። ስለዚህ ጠበቃ የቀድሞውን ፍርድ እንደ ምስክር ይጠራል። አሁን ግን የጠየቁትን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል መሣሪያ መጥቷል። መሣሪያው በብዙ ነገር ይረዳል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከቶ ያልተፈረደውን ፍርድ ስምና ቀን ሰጥቶ፣ እውነት አስመስሎ ያቀርባል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መቀመጫው ኒው ዮርክ የሆነው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ጠበቃ የጠቀሱት ፍርድ የትም የሌለ መሆኑን ደረሰበት። ዳኞቹም ጠበቃ የሚጠቅሰውን ፍርድ ቢያንስ አንብቦ መኖሩን ማረጋገጥ እንዳለበት ገለጡ፤ ጠበቃውንም ጥፋት ወደሚመረምር ጉባኤ መሩ፤ የውሳኔውም ግልባጭ ለደንበኛቸው እንዲሰጥ አዘዙ። ነገሩ የደንበኛው ነውና ማወቅ ይገባዋል።

በዚያው ሰሞን በሚዙሪ ያለ ጠበቃ የሚከራከር አንድ ሰው ከጠቀሳቸው 24 ፍርዶች እውነተኞቹ 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሰውዬው ጽሑፉን በገንዘብ ያሠራው በሌላ ሰው እንደ ሆነና በመሣሪያ መሠራቱን እንዳላወቀ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ዳኞቹ ግን ይግባኙን ዘግተው ለባላጋራዎቹ 10,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረዱበት።

በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ አንድ ጠበቃ ራሳቸው የጻፉትን ክርክር መሣሪያው እንዲያሳምርላቸው ሰጥተው፣ መልሰው ሳያነቡ ለፍርድ ቤት አቀረቡት። በመክፈቻው ጽሑፍ ከነበሩት 23 ጥቅሶች 21ዱ የፈጠራ ሆኑ፤ 10,000 ዶላርም ተቀጡ። የሚያስደንቀው ግን ሌላው ነው፤ ባላጋራዎቻቸው ወጪያችን ይተካልን ቢሉ፣ ሐሰቱን ያገኘው ፍርድ ቤቱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም ተብለው ተከለከሉ። እንግዲህ የራስን ቃል ብቻ ሳይሆን የተቃራኒንም ቃል መመርመር ግዴታ ነው።

በአስተማሪነቴ ዘመን ከጓደኛው የገለበጠውን ልጅ የምለየው ስሕተቱንም አብሮ ስለሚገለብጥ ነበር። ሳያነቡ መጥቀስም ከዚህ አይለይም። በአገራችንም ሽማግሌ ምስክሩን «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጽሑፉን አንብቦ ያረጋገጠ ሰው እንዳየ ምስክር ነው፤ መሣሪያ የነገረውን ብቻ የያዘ ግን ሰምቶ አየሁ እንደሚል ነው። እንዲህ ያለው ምስክር የሚጐዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ አምኖት ነገሩን የሰጠውን ሰውም ነው።

«መሣሪያው አሳሳተኝ» ማለት አያድንም፤ ብዕር ለጻፈው አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ጸሐፊው ነው። አባቶች ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጄ፣ በመሣሪያው መጠቀም ብትፈልግ ተጠቀም፤ ነገር ግን ስምህን ከማኖርህ በፊት የጠቀስኸውን መጽሐፍ ገልጠህ ገጹን በዓይንህ እይ። ባታገኘው «አላገኘሁትም» በል፤ ይህን ማለት ነውር የለበትም።