«አይተህ ራቅ»

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ መንግሥትና ስለ ፖለቲካ ነው። ዛሬ ስለ አውሮፕላን ብጽፍ ከመንገዴ የወጣሁ አይምሰላችሁ፤ ጉዳዩ ያው የኃላፊነት ጉዳይ ነው።

የካቲት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020) ረፋድ ላይ፣ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ከማንጋሎር አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ፣ ባለ ሁለት ሞተር የሆኑ ሁለት ትንንሽ የመለማመጃ አውሮፕላኖች በ4,100 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ተጋጩ። አንደኛው ከማንጋሎር ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ሁለተኛው ከቲያብ መጥቶ ቁልቁል ይወርድ ነበር። የተሳፈሩት አራት ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

የበረራ ተቆጣጣሪው የአንዱን መኖር ለሌላው በራዲዮ ነግሮ ነበር። ይሁንና የአየር ክልሉ ቁጥጥር የማይደረግበት በመሆኑ፣ ተራርቆ የመብረሩ ኃላፊነት የአብራሪዎቹ ነበር። መርማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ አብራሪዎቹ እርስ በርሳቸው በራዲዮ እንዳልተገናኙ፣ ምናልባትም የመጋጨቱን አደጋ እንዳልተገነዘቡት ገልጸዋል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ሁለቱም አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ የሚያሰራጭ ኤዲኤስ-ቢ የተባለ መሣሪያ ነበራቸው። ምድር ላይ ያለው ይሰማቸዋል። አንዱ የሌላውን የሚቀበልበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም! ቢኖራቸው ኖሮ አስቀድሞ ሊያስጠነቅቃቸው ይችል እንደነበር ሪፖርቱ ያስረዳል።

ለመሆኑ ዓይን ምን ያህል ይታመናል? የዚያችው አገር የአየር ደኅንነት መርማሪ ቢሮ «አይተህ ራቅ» የሚባለው መርሕ ያሉበትን ድክመቶች ገና እ.ኤ.አ. በ1991 በጥናት አሳይቶ ነበር። ቀጥ ባለ መስመር ሄደው ሊጋጩ የተቃረቡ ሁለት አውሮፕላኖች፣ አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ከቦታዋ የማትነቃነቅ ነቁጥ ሆኖ ይታያል። ዓይናችን የሚንቀሳቀሰውን ፈጥኖ ይይዛል፤ የቆመውን ያልፈዋል። ነቁጧ በድንገት የምትገዝፈው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ግምት ግን አይቶ፣ አገናዝቦ፣ አውሮፕላኑን ለማዞር 12.5 ሰከንድ ያስፈልጋል። ደመና ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ታዲያ ዓይን እንደማይችለው እየታወቀ ሸክሙን ሁሉ በዓይን ላይ መጣል ምን ይሉታል? እንዲህ ያለው ሕግ ለሕግ አውጪው እጅግ ይመቻል፤ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂዎቹ ሞተዋልና። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 መሣሪያውን በፈቃዳቸው ለሚያስገጥሙ የዋጋውን ግማሽ፣ እስከ 5,000 የአገሪቱ ዶላር ድረስ፣ እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ። ደግ አደረገ። በእኔ እምነት ግን ቢያንስ በመለማመጃ አውሮፕላን ላይ ነገሩ ለፈቃድ የሚተው አይደለም። ተማሪ አውሮፕላኑን አይመርጥም፤ የሰጡትን ይዞ ይበራል።

ይህን ሁሉ ያስመረመረችኝ ሜልበርን የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ናት። ልጇ አብራሪ ለመሆን ትምህርት ጀምሯል። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ዶክተር አይደለህ፤ እስቲ አንብብና አስረዳኝ» አለችኝ። የእኔ ዶክትሬት ከአውሮፕላን ጋር እንደማይተዋወቅ ብነግራት አልሰማችኝም። በመጨረሻ ልጁን ራሱን በስልክ አገኘሁትና የምትማርበት አውሮፕላን መቀበያው አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ጠይቄ አላውቅም» አለኝ።

ከሚቀጥለው በረራ በፊት አሰልጣኙን እንዲጠይቅ አደራ አልኩት። የሚበረው ሐሙስ ነው።