በዕዳ የገባችው ያሪስ

መኪናዋን ገዝተን አይደለም ያገኘናት። ዕቃ ወስዶ ለስምንት ወር "ዛሬ ነገ" ሲለን የከረመ ደንበኛ ነው፣ በመጨረሻ ቁልፏን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ "ያለችኝ ይቺው ናት" ያለን። ነጭ፣ 1.3 ሞተር ያላት፣ ከዱባይ የገባች ያገለገለች ያሪስ። አንድ በሯ ተገጭቶ ተቀብቷል፤ ቀለሙ አልገጠመም። ኤሲዋ ግን ይሠራል። ሰኔና ሐምሌን ጅቡቲ ያሳለፈ ሰው፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ፊቱን የገረፈው ሰው፣ ኤሲ የሚሠራ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ተቀበልናት።

እኛ ሦስት ሸሪኮች ነን። ታላቃችን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን፤ የሒሳብ ደብተሩም እሳቸው ጋ ነው። አንዷ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሁለት ልጆቿን እናቷ ጋ ትታ የምትሠራ። ሦስተኛው ገና ሠላሳ ያልሞላው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ልብስና ጫማ ነው የምንነግደው፤ ሱቃችን ከመነሊክ አደባባይ ብዙም አይርቅም።

ሐሳባችን መኪናዋን ሀገር ቤት አስገብተን መሸጥ ነበር። የምናውቀውን ትራንዚተር ጠየቅነው፤ ሳቀብን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጀ መኪና ላይ የሚጭነው፣ እሷ ከምታወጣው ዋጋ እጥፍ ድርብ ይበልጣል። "ትንሽ እንጠብቅ፣ ሕግ ይለወጣል" ተባባልን። እውነትም ተለወጠ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ ወደ ሀገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ያሪሷ እዚሁ ቀረች።

ለሥራም ብዙ አልጠቀመችንም። ለዕቃችን ኮንቴነርና ከባድ መኪና እንጂ ያሪስ አይበቃም። ከሱቁ በር ላይ ቆማ አቧራ ስትጠጣ ከርማ፣ አንድ ሐሙስ ማታ የደብረ ብርሃኑ ልጅ "ለምን ዓሣ አናጠምድባትም?" አለ። ሳቅንበት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባን፤ ጅቡቲ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ አንዳችንም እግራችንን ባሕር ውስጥ አስገብተን አናውቅም። ባሕር ለእኛ ወደብ ነው። "መርከቡ ገባ? ኮንቴነሩ ወረደ?" ብለን የምንጠይቅበት እንጂ ሄደን የምንቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ስንቶቻችሁ እንደኛ ናችሁ?

ዓርብ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። በባልባላ በኩል አልፈን ኮር አምባዶ ሄድን። ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያሪሷ ሁለት ሊትር ቤንዚን ብትጠጣ ነው። ታክሲ ይዘን እንዳንሄድ፣ ማንም ባለታክሲ እስክናጠምድ ቆሞ አይጠብቀንም፤ ቢጠብቅም ዓሣውን ከነሽታው አይጭንልንም። የራስ መኪና፣ ያውም ብትቆሽሽ የማታሳዝን አሮጌ መኪና፣ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው።

ዕቃችን ቀላል ነው። የናይሎን ክር በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ላይ ጠምጥመን፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ለክብደት ደግሞ ከጋራዥ የለመንነው ዳዶ። ከዓሣ ወደቡ የገዛናትን ሰርዲን ቆራርጠን መንጠቆው ላይ ሰካን። የኋላው ወንበር ሲታጠፍ በረዶ የያዘ ሣጥን፣ አንድ ባልዲና የሻይ ፔርሙዝ ይችላል። ያን ቀን ያገኘነው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጡ አራት ዓሣዎች ነው። የድሬዳዋዋ ልጅ ማታ ዱለት አድርጋ ሠራችው። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ጉርሻ ደረሰን። ከዚያ በኋላ ዓርብን መጠበቅ ጀመርን።

ጥፋታችንንም ልንደብቃችሁ አይገባም። በሦስተኛው ጉዟችን፣ ባሕሩ ሸሽቶ የተወውን እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ሜዳ መስሎን መኪናዋን እላዩ ላይ አቆምናት። ባሕር እንደ ጣና ወይም እንደ ሐይቅ ባለበት አይቀመጥም፤ ይሸሻል፣ ይመለሳል። ሲመለስ እኛ ክራችንን እያየን ነበር። ዞር ስንል የፊት ጎማዎቿ ግማሽ ድረስ ውሃ ውስጥ ናቸው። ሞተር አስነስተን ብንሞክር ጎማው ይዞራል እንጂ መኪናዋ ይብሱን ትሰምጣለች። ጋሼ ጫማቸውን ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገብተው ሲገፉ ነበር።

ያዳኑን ጀልባቸውን ሊያወጡ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የድሬዳዋዋ ልጅ ሶማልኛ ስለምትችል ለመነቻቸው፤ የጀልባ ገመድ አስረው፣ ስምንት ሆነን ጎትተን አወጣናት። ገንዘብ ብንሰጥ አልቀበልም አሉ። ከሁሉም የሸመገሉት አንድ ነገር ተናግረው ሄዱ፤ እሷም ተረጎመችልን፦ "ባሕር ሲሸሽ ቦታውን የለቀቀላችሁ አይምሰላችሁ።" ከዚያ ወዲህ ያሪሷን ጠጠር መሬት ላይ ትተን በእግር እንወርዳለን።

ትናንሽ ነገሮችም ተምረናል። መንገድ ላይ ፍተሻ ስላለ ካርት ግሪሱ፣ ኢንሹራንሱና የሁላችንም የመኖሪያ ካርድ ከመኪናዋ አይለዩም። ወደብና የጦር ሰፈር ባለበት አቅጣጫ አናጠምድም፣ ፎቶም አናነሳም። ከግንቦት እስከ መስከረም አንሄድም፤ ሙቀቱ ሰውንም በረዶውንም ይጨርሳል።

ትልቁ ጠላት ግን ጨው ነው። ከባሕር እንደተመለስን ያሪሷን ከሥር ከላይ በንጹሕ ውሃ እናጥባታለን። ጅቡቲ ከሚደርሰው የቧንቧ ውሃ ከፊሉ ከአዲጋላ በኩል፣ ከሀገራችን ከርሰ ምድር የሚመጣ ነው። ጋሼ ባልዲውን ሲያነሱ "የሀገር ቤት ውሃ አታባክኑ" ይላሉ። ብናጥባትም ታዲያ ጨው ጨው ነው፤ ከሥሯ መዛግ ጀመረች።

ጠቡ የመጣው በዚህ ነው። ባለፈው ኅዳር ገዢ መጣ። ተንበርክኮ ከሥር አየና መጀመሪያ ከጠራው ዋጋ አንድ አራተኛውን ቀነሰ። ጋሼ ተናደዱ። "ካፒታላችንን በየዓርቡ ባሕር ውስጥ እየዘፈቅን ነው" አሉ፤ ውሸትም አልነበረም። ከዚያ ለዓሣ የወጣውን ቤንዚን ሊደምሩ ደብተሩን ገለጡ። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" እንደሚባለው፣ የቤንዚኑ ሲፈለግ ሌላ ሌላው ወጣ። ለልጆች ትምህርት ቤት ተብሎ የተወሰደ፣ ለለቅሶ ተብሎ የተወሰደ፣ ሳይጻፍ የቀረ። ሦስታችንም አለንበት፤ ጋሼ ራሳቸውም ጭምር። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት መነጋገር አልተቻለም። ማታ ሲሆን ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደየክፍሉ ይገባል። አራት ቀን በሰላምታ ብቻ አለፈ። ሽርክናችን በዚያ ሳምንት የፈረሰ መስሎን ነበር።

ዓርብ ሌሊት ግን ሦስታችንም ያለ ቀጠሮ መኪናዋ ጋ ተገናኘን። "አንሄድም" ብሎ የሚጀምር ጠፋ። ኮር አምባዶ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገርንም። ክሩን ከወረወርን በኋላ፣ ፊታችን ወደ ባሕሩ ስለሆነ፣ ዓይን ለዓይን ስላልተያየን ይሁን አናውቅም፣ የድሬዳዋዋ ልጅ "ያን ገንዘብ ወስጃለሁ፤ መጻፍ ያፈርኩት ትርፍ ባጣንበት ወር ስለሆነ ነው" አለች። ቀጥሎ የደብረ ብርሃኑ። ጋሼ ለመጨረሻ ቆዩ፤ ክራቸውን ጠምጥመው ሲጨርሱ "እኔም የወንድሜን ተዝካር አልጻፍኩም" አሉ። ፀሐይ ሳትጠነክር ያለብንን ሁሉ በወረቀት አሰፈርን። ያን ቀን አንድም ዓሣ አልያዝንም።

አሁን ደብተሩ ላይ ለያሪሷ የራሷ ገጽ አላት። የዓርብ ቤንዚንና በረዶ ከየኪሳችን እንጂ ከሱቁ አይወጣም። ስትሸጥ ለሦስት እንካፈላታለን፤ ዝገቱንም ለሦስት።

ለገና የድሬዳዋዋ ልጅ ሁለት ልጆቿን በባቡር አስመጣች። ነጋድ ጣቢያ ሄደን ተቀበልናቸው፤ በማግሥቱ ዓርብ ነበርና ይዘናቸው ወረድን። ትንሹ ባሕሩን አይቶ "ይኼ ሁሉ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ጋሼ የራሳቸውን ክር ሰጡት፤ ጣቱን እንዳይቆርጠው ጫፉን በመሐረባቸው ጠቅልለው፣ ከኋላው ቆመው አብረውት ያዙለት።

በዚህ መሐል የጋሼ ስልክ ጮኸ። ያ ገዢ ነው፤ የቀነሰውን ግማሹን መልሼ እጨምራለሁ ይላል። የድሬዳዋዋ ልጅ ጋሼን አየቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ፣

"ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሱቅ ዝግ ነው" አሉትና ዘጉት።